አፋፍ ካልመለሰ

ከራቤል ወጣ ብሎ፣ ከዘንዶ ውሃ ፏፏቴ ማዶ፣ መኪና እስከ ገደሉ አፍ የሚያደርስ መንገድ ከተሠራ ወዲህ ጡረተኛ ነኝ። ይህን በምሬት የምጽፍ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ ጉልበቴ ከመንገዱ ቀድሞ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶኝ ነበር። አሁን እንግዳው ከመኪና ይወርዳል፣ የብረት አጥሩን ይደገፋል፣ ጀርባውን ለፏፏቴው ሰጥቶ በስልኩ ራሱን ያነሳል፣ ተመልሶ ይገባል። እኔ የሠራሁት ፏፏቴ ለማየት ፊትን ወደ ፏፏቴው ማዞር ግድ በነበረበት ዘመን ስለሆነ፣ ኋላ ቀር ብትሉኝ አልከፋም።

በመታወቂያዬ ላይ «አስጎብኚ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ያገሬ ሰው ግን «ሰው አውራጅ» ነው የሚለኝ፤ ትክክለኛውም እሱ ነው። ሰው ይዤ ከደጋው ጫፍ እወርዳለሁ፣ በደኑ አሳልፌ ፏፏቴው ሥር አደርሰዋለሁ፣ ከዚያ ይዤው እወጣለሁ። ማስጎብኘቱን ፏፏቴው ራሱ ይችልበታል።

ሥራ የጀመርኩት ሞላሌ ችግኝ ጣቢያ ነው፤ አፈር በላስቲክ ከረጢት እየሞላሁ። ከዚያ ደን ጥበቃ ተቀጠርኩ፣ የመንገድ መሪዎች ማኅበር ሲቋቋም ደግሞ ወደዚያ ተዛወርኩ። ስለ ደመወዙ የምለው የለኝም፤ እሱም ስለ ራሱ ብዙ የሚለው አልነበረውም። አለቆቼ አብዛኞቹ ደኑን ከሩቅ የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ለእንግዶች የሚታደል ወረቀት ሲያዘጋጅ «የሰው እግር ያልረገጠው ድንግል የሐሩር ደን» ብሎ ጻፈ።

«ጌታዬ፣ እኔ በየሳምንቱ እረግጠዋለሁ እኮ» አልኩት።

«አንተ አትቆጠርም» አለኝ።

እንግዶች ትተውልኝ በሚሄዱት መጻሕፍት ውስጥም ይህን «ድንግል» የሚል ቃል ደጋግሜ አግኝቼዋለሁ፤ በየትም አገር ደን ባልታየ ቁጥር ይደነግላል። በኛ ደን የንብ ቀፎ ያልተሰቀለበት ትልቅ ዛፍ፣ ለሞፈር ታይቶ ያልታለፈ ወይራ የለም። ደኑ እስካሁን የቆመው የሚገቡበት ሰዎች ነገም ሊመለሱበት ስለሚያስቡ ነው። ይህን ስናገር ከከተማ የመጡ ተፈጥሮ ወዳዶች ፊታቸው ይጠቁራል። ይጥቆር።

«የሐሩር» የሚለውም ቃል ስንቱን አታሏል። መጻሕፍቱ አልተሳሳቱም፤ ምድራችን ሐሩር ክልል ውስጥ ናት። ይሁንና እኛ የምንነሳበት አፋፍ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ሣሩን አንጥቶት ያድራል። እንግዳው በቁምጣ ይመጣል፤ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ጋቢዬን አውሼው እንወርዳለን። መጀመሪያ ጓሳ ሣርና ጭላዳ ነው። ቀጥሎ አስታ፣ ከዚያ ጽድና ኮሶ። እየወረድን ስንሄድ ዝግባውና ጥቁር እንጨቱ ከላይ ይገጥምና ሰማይ ይጠፋል። ከቅርንጫፉ የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት ያንጠባጥባል፣ ሐረጉ አንገት ይይዛል፣ ሳማው ባዶ ባት ፈልጎ ያገኛል፣ ጉሬዛ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ይታዘበናል። ያን ጊዜ ባለ ቁምጣው ላብ በላብ ሆኖ «አሁን ገና ሐሩር ገባን!» ይላል። ጋቢዬንም ይመልስልኛል፤ ረጥቦ፣ እንደ በግ ከብዶ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሽፈራው ናቸው። ከኔ በፊት ደን ጠባቂ የነበሩ፣ አጭር፣ ወገባቸውን በጠፍር የታጠቁ ሰው ነበሩ። ያን ጠፍር ሰው ውሃ ሲያሻግሩ ፈትተው ያቀብላሉ፤ በሌላ ጊዜ ሱሪያቸውን ይይዛል። መንገድ ሲመሩ ዞረው አያዩም። መጀመሪያ ይህን ኩራት አድርጌ ቆጥሬባቸው ነበር።

«ጋሼ፣ አንዱ ወደ ኋላ ቢቀርስ?»

«ወሬውን እየሰማሁት እንዴት ይቀራል?»

እንግዳ ሲወርድ ያወራል። ስለ መሥሪያ ቤቱ፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ጫማው ያማርራል። ወሬው ሲያጥር ጉልበቱ ተይዟል ማለት ነው፤ ዝም ሲል ደግሞ ለመውደቅ ጥቂት ቀርቶታል። ጋሽ ሽፈራው ከኋላቸው አንድ ድምፅ ሲጎድል ይቆሙና «እዚህች ጋ ጫማዬን ላጥብቅ» ይላሉ። ጫማቸው ማሰሪያ የሌለው ኮንጎ ነበር። እንግዳው ግን ይህን ሳያስተውል፣ ክብሩም ሳይነካ፣ ያርፋል።

ደካማውን ከሌላው እንግዳ ፊት ያስቀድሙ ነበር፤ የሁሉም እርምጃ በእሱ ልክ እንዲሆን። ዱላ ቁልቁለት ላይ ወደ ዳገቱ ወገን እንዲያዝ፣ እርጥብ ሥር ላይ እንዳይረገጥ ይቆጣጠራሉ። አንድ ነገር ደግሞ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ «ቅርብ ነው»። በኛ አገር መንገድ የተጠየቀ ሰው አገጩን ወደፊት ቀስሮ «ይቺው ናት» ይላል፣ «ይቺው» የተባለችው ግማሽ ቀን ትፈጃለች። ይህ ለእንግዳ ማዘን ነው ይባላል። ጋሽ ሽፈራው ግን «ገና ነው» ይላሉ፤ እስከ መጨረሻው ገና ነው፤ ድንገት ሐረጉን ገልጠው ፏፏቴውን ያሳዩታል።

ዋናው ትምህርታቸው ግን ስለ መሻገሪያው ነበር። ደኑ ሲያልቅ ወንዙ ይገኛል። ከመሻገሪያው እስከ ፏፏቴው ያለው መንገድ በሁለት ወገን ግድግዳ በመሰለ ገደል መካከል ነው፤ ውሃ ቢመጣ የሚወጣበት የለም። ታች ፀሐይ እያንቃቃ ላይ ደጋው ላይ ሊዘንብ ይችላል፤ ከዛፍ ሥር ላለ ሰው ደግሞ የደጋው ሰማይ አይታየውም። ውሃው መደፍረሱን በዓይንህ ካየህ ጎርፉ አጠገብህ ደርሷል። ስልክ ለምን አትደውሉም የሚለኝ አለ። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ስልክ ሰዓት ማያ ነው።

ስለዚህ እንጣራለን። ከመሻገሪያው ትይዩ፣ ላይ አፋፉ ላይ፣ የእትዬ የሺ ቤት አለ። ከጓሯቸው ሆነው የደጋውን ሰማይ ሙሉውን ያያሉ። ጋሽ ሽፈራው ሁለት እጃቸውን በአፋቸው ዙሪያ አድርገው፣ ድምፃቸውን እየጎተቱ፦ «የሺዬ ሆይ! እንዴት ዋልሽ!» ይላሉ። ከላይ «እግዜር ይመስገን!» ይመጣል። ከዚያ ልጆቹ፣ ከብቶቹ፣ የባላቸው የጋሽ ወልዴ ጉልበት፣ የታመመችው ላም አንድ በአንድ ይጠየቃሉ። ዝናቡ መጨረሻ ነው። እትዬ የሺም፦ «ደረቅ ነው፣ ግቡ!» ይላሉ፤ ወይም «ተመለሱ!»

አንድ ጊዜ ከከተማ የመጣ አሠልጣኝ ይህን ሰምቶ «መልእክት አጭር መሆን አለበት» ብሎ ፊሽካ አደለን። ጋሽ ሽፈራው ፊሽካውን ለልጅ ልጃቸው ሰጡት። እኔ ግን ያ አሠልጣኝ ያነበበውን መጽሐፍ አንብቤዋለሁና እዚህ ላይ እቃወመዋለሁ። የላሚቱ ጤና እስኪጠየቅ ድረስ ነፋሱ በየት በኩል እንደሆነ፣ የላይኛው ድምፅ ከደጅ ይምጣ ከጣሪያ ሥር ይለያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በፊሽካ የተጠራ ሰው መልሶ ይገባል፤ ላሙ የተጠየቀችለት ሰው ግን ቆሞ ይጠብቅሃል። እትዬ የሺ ከመሻገሪያው ተመልሰን «ወጣን!» እስክንል ከአፋፉ አይነሱም ነበር። የጋሽ ሽፈራው ሕግ አጭር ነበረች፤ አፋፍ ካልመለሰ ውሃ አትግባ።

ይህችን ሕግ በጣም ያስወደደብኝ ሰው ጋሽ እንድሪስ ናቸው።

ጋሽ እንድሪስ ቆላ ካለው ከተማ የመጡ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ልጃቸው ዘይነብ ክንዳቸውን ይዛ። ጋሽ ሽፈራው ያን ጊዜ ወገባቸው እምቢ ብሎ ሥራ ትተዋል። ሽማግሌው የመጡበትን ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ዓይናቸው ከዳር እየጠበበ ነው፤ ሐኪሙ የሚያዩበት ጊዜ ጥቂት እንደቀረ አልደበቃቸውም። የዘንዶ ውሃ ወንዝ ወርዶ በከተማቸው በኩል ያልፋል፤ በእሱ ታጥበው ሰግደዋል፣ በእሱ ጨርቅ ነክረዋል፣ ልጆቻቸውን ዋና አስተምረዋል። ከታች ሽቅብ ወንዙን ተከትሎ ወደ ፏፏቴው መድረስ ደግሞ አይቻልም፤ ገደሉ አያስገባም።

«ዕድሜ ልኬን የዚህችን ዘንዶ ጅራት ነው ያየሁት» አሉ። «ሳይጨልምብኝ ራሷን ልይ ብዬ ነው።»

«አባባ ደግሞ፣ ለመካ ጉዞ እንኳ እንዲህ አልቸኮለም» አለች ዘይነብ።

«መካማ የትም አትሄድም። የሚሄደው ዓይኔ ነው።»

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር፤ ፏፏቴው ሙሉ የሚሆንበት ጊዜ። ጠዋት በእትዬ የሺ ደጅ ስናልፍ «ሂዱ፣ አለሁ» አሉኝ። ጋሽ እንድሪስን ከፊት አስቀድሜ ወረድን። እንደሳቸው የሚያወራ እንግዳ አላጋጠመኝም፤ ከጽድ እስከ ዝግባ የአንድ ጣቃ አቡጀዲ ታሪክ ነገሩኝ። ዛፉን እጃቸውን እየሰደዱ ይዳስሱታል፣ ፊታቸውን አስጠግተው ሽበቱን ያዩታል። በሶ በጥብጠን ጠጣን፣ ቆሎ ተካፈልን። መሻገሪያው ስንደርስ ውሃው ጥርት ያለ፣ ከጉልበት በታች ነበር። ከወዲያ፣ ከገደሉ መታጠፊያ ኋላ፣ የፏፏቴው ድምፅ ይሰማል።

ተጣራሁ። እንዴት ዋሉ አልኩ። መልስ የለም። ቦታ ቀይሬ፣ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ደገምኩ። ልጆቹን ጠየቅሁ፣ ላሚቱን ጠየቅሁ። ጉሬዛዎች ብቻ መለሱልኝ።

«ምን ሆነ?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«አፋፍ አልመለሰም።»

«ውሃው እኮ መስታወት ነው። እኔ እንኳ ጠጠሩን አየሁት!»

«ውሃው ቀድሞ አይናገርም፣ ጋሼ።»

ዘይነብ «እኔ በጀርባዬ አዝዬ ላሻግረው፣ አይቶ ይመለስ» አለች። ጠብቀን ጠራሁ፣ ጠብቀን ጠራሁ። እሳቸው እንደቆሙ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው ነበር፤ መታጠፊያውን በዓይናቸው ሊያቀኑት የሚሞክሩ ይመስል። በመጨረሻ «እንመለስ» አልኩ። ጋሽ እንድሪስ ከወንዙ ዳር ጎንበስ ብለው ውዱእ አደረጉ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዙህር ሰገዱ፣ ተነሡ። ዳገቱን ስንወጣ ስለ አቡጀዲ አላወሩም። እኔም ጫማዬን ደጋግሜ አጠበቅሁ።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ሰማዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ብሎ ጠበቀን። እትዬ የሺ አልነበሩም። ከጎረቤት መንደር የለቅሶ ጥሪ መጥቶባቸው ሄደዋል፤ ለአዲሷ ምራታቸው ለአስካለ «ሲጠሩ መልሺላቸው» ብለው ነበር። አስካለ ከገደሉ ጫፍ ቆማለች፣ ነጠላዋ በእጇ ነው። አማቷ ጋሽ ወልዴ ደግሞ ከድንጋይ ካቡ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ሰምተሽኝ ነበር?» አልኳት።

አንገቷን ደፍታ፣ በሹክሹክታ፦ «ሰምቻለሁ። አውለበለብኩ እኮ።»

ነጠላ ነበር ያውለበለበችው። በኛ አገር ምራት አማቷ በተቀመጠበት ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ከምድጃ ወደ ደጅ እንኳ አትጣራም። ነውር ነው። አስካለም ነውር ላለመሥራት ክንዷ እስኪዝል ነጠላ ስታውለበልብ ውላለች፤ ከዝግባ ጣሪያ ሥር ላለን ለኛ።

ጋሽ እንድሪስ ይህ ሲነገራቸው ሳቁ፤ ቀኑን ሙሉ ከሳቁት ያጠረ ሳቅ ነው። «አይ ልጄ፣ ለኔ ብጤው ነጠላ ታውለበልቢያለሽ?» አሏት።

ቀኑ ሄዷል፣ እግራቸው አብጧል። በማግስቱ ዝናብ ገባ፤ ሲቆም ደግሞ የሐኪም ቀጠሯቸው ደርሶ ወረዱ። በዓመቱ ዘይነብ በስልክ ነገረችኝ፤ ጨልሟል።

ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የከበደኝ ውድቀት ይህ ነው። ሰው ሲሰማው «ታዲያ ማን ተጎዳ?» ይላል። የሰው አውራጅ ውድቀት በሬሳ ብቻ የሚለካ የሚመስለው ብዙ ነው። አንድ ሰው አንድ ነገር ለማየት መጣ፣ እኔ መለስኩት፣ መንገዱ ደረቅ ነበር። ሌላው ደግሞ በዚያው ልክ እውነት ነው፤ ዛሬም ቢሆን እመልሳቸዋለሁ። ሕግ ማለት ሰማዩ ጥርት ባለበትም ቀን የሚሠራ ነገር ነው። ጎርፍ በመጣ ቀን ብቻ ትክክል የሚሆን መሪ ዕድለኛ ይባላል እንጂ መሪ አይባልም።

ይህን ሁሉ ለጋሽ ሽፈራው ነገርኳቸው። የሚያጽናና ቃል ጠብቄ ከሆነ አላገኘሁም። «ቅዳሜ ጠዋት ተዘጋጅ» አሉኝ። ቅዳሜ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው፣ እሳቸው በበቅሎ፣ ወደ አፋፉ ሄድን። ጋሽ ወልዴ ከካቡ ላይ ተነሡ።

«ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ።»

«ያመጣንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ሽፈራው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው፤ ልክ ለልጅ ጋብቻ እንደመጣ ሽማግሌ።

«ለጋብቻ ከሆነ ቤቴ የቀረችው አህያዬ ናት።»

«የምራትህን ድምፅ ልንለምንህ ነው።»

ጋሽ ወልዴ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ለካ ጆሯቸው ድሮ ነው የደከመው። «የማንን ምን?»

«የምራትህን ድምፅ!»

«እኔ መች ቀማኋት?»

«አልቀማሃትም። ግን አልሰጠሃትም።»

ጋሽ ወልዴ ወደ ቤቱ ዞረው «አስካለ!» ብለው ጠሩ። መጣች፣ ፊቷን በነጠላዋ እንደሸፈነች። «ጩኺ፣ ልጄ» አሏት። ቆመች፤ አንገቷ ይበልጥ ወደ መሬት ወረደ። እትዬ የሺ ከቤት ወጥተው «ፊት ለፊት አቁማችሁ ጩኺ ይባላል እንዴ? ወደ ገደሉ ትዙር እንጂ!» አሉ። ዞረች። ጀርባዋን ለአማቷ ሰጥታ፣ መጀመሪያ ያወጣችው የረገጧት ድመት ድምፅ ያህል ነበር። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ሁለተኛው ግን ሌላ ነው፦ «ደረቅ ነው፣ ግቡ!» ግጦሽ ላይ ያሉት ጭላዳዎች ሁሉ ቀና አሉ፤ ከማዶ ገደል ድምፅዋ ተመልሶ መጣ።

«ይህንንስ ሰማሁት» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ ፊታቸው እንደበራ። «በሉ አሁን ተቀመጡ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ እትዬ የሺ ካረፉም በኋላ፣ አፋፉ የአስካለ ነው። እንደሷ ያለ ድምፅ በሥራ ዘመኔ አልሰማሁም። ጋሽ ሽፈራውም አርፈዋል፤ ጠፍራቸውን እኔ ወረስኩ።

ማዶ ያለው መንገድ ተመርቆ እኔ ሥራ ልተው ስል ዘይነብ ደወለች። «አባባ የመጨረሻውን ጉዞ ካንተ ጋር ነው የምሄደው ብሏል።» አዲሱን መንገድ ነገርኳት፤ በመኪና ይደርሳሉ። ስልኩን ነጠቋት። «እኔ አጥር ልደገፍ አይደለም የምመጣው» አሉ።

ደካማው ከፊት ነው። ጋሽ እንድሪስን አስቀደምኩ፣ ጠፍሩን ወገባቸው ላይ አስሬ ጫፉን ያዝኩ። ዱላቸው እርጥቡን ሥር ሁሉ ያገኛል። ያወራሉ፤ ስለ አቡጀዲ ያቋረጡትን ታሪክ ከተውት ቦታ ቀጠሉልኝ። እኔ ነኝ ጉልበቴ ተይዞ ዝም ያልኩት። በመጨረሻ ቆሙ። «ጌታነህ፣ እስቲ እዚህች ጋ ጫማዬን ላጥብቅ» አሉኝ። ብልሃቱን ያን ጊዜ ደርሰውበት ኖሯል።

መሻገሪያው ላይ እጄን ወደ አፌ ሳነሳ «እኔ ልጥራ» አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፦ «አስካለ ሆይ! እንዴት ዋልሽ!»

«አልሐምዱሊላህ በሉ፣ ጋሼ! ደህና ነኝ! ዘይነብስ እንዴት ናት!»

በድምፃቸው አወቀቻቸው። ልጆቿን ጠየቁ፣ ነጠላዋን ጠየቁ፤ ከላይ ሳቋ ወረደ። ከዚያ መጣ፦ «ደረቅ ነው፣ ግቡ!»

ተሻገርን። መታጠፊያውን ስናልፍ ነፋሱ ጤዛ ይዞ ፊታችንን መታው። ፏፏቴው ሥር ሰው ከሰው አይሰማማም። ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን ዘርግተው፣ ውሃው ከመዳፋቸው እየዘለለ፣ ብዙ ቆሙ። ዘይነብ አለቀሰች። እኔ አንድ የተዋበ ነገር ለማለት አፌን ስከፍት ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«በልብዎ አይተዋታል እንዳትለኝ።»

«አልልም።»

«አላየኋትም።»

«አላዩዋትም፣ ጋሼ።»

«ያን ጊዜ ባትመልሰኝ አያት ነበር።»

«አዎ።»

«ዛሬስ ልጅቱ ባትመልስ ኖሮ?»

«እመልስዎት ነበር።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ታጠቡ፣ ዞሩ። መሻገሪያውን ተመልሰን ደረቁን መሬት እንደረገጥን፣ እኔ ጉልበቴን ይዤ ልቀመጥ ስል፣ በዱላቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«ጥራት እንጂ። ወጥተናል በላት፤ ገደል አፍ ላይ ቆማ ትቅር?»

ጠራኋት። ልጆቿን፣ ከብቶቿን፣ የአማቷን ጆሮ፣ አዲስ የወለደችውን ላም አንድ በአንድ ጠየቅኋት፤ ሁሉንም መለሰችልኝ። ዝናቡን አልጠየቅሁም። ተሻግረን ነበር።